ከደጋ እስከ ቆላ በአንድ ገበታ፦ ከልጆች ጋር ወደ አርባ ምንጭ ስትጓዙ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ በኩል አርባ ምንጭ የሚደርሰው መንገድ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ብዙ ወላጆች በዚህ መንገድ ሲጓዙ ለልጆቻቸው ዳቦና ብስኩት ቋጥረው ይወጣሉ፤ ከደረሱም በኋላ ሆቴል ውስጥ ፓስታ ያዝዙላቸዋል። ሆዱ የተበላሸ ልጅ ይዞ መንገድ ላይ መዋል ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ለሚያውቅ ሰው ጥንቃቄው ይገባዋል። ነገር ግን ልጆቹ የሚያጡት ነገር ብዙ ነው። መሬቱ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ገበታው እንዴት እንደሚለወጥ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ በዓይንም በአፍም የሚታወቅበት እንደዚህ ያለ መንገድ ብዙ የለንም።

ነገሩ የሚጀምረው ከእንሰት ነው። ቡታጅራን አልፋችሁ ወደ ሆሳዕና ስትሄዱ በየጓሮው ሙዝ የሚመስል ትልቅ ተክል ታያላችሁ። ልጆች «ሙዝ ነው» ማለታቸው አይቀርም፤ ዘመዳሞች ስለሆኑም ያን ያህል አልተሳሳቱም። ልዩነቱን አሳዩአቸው፦ የእንሰት ቅጠል ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ግንዱም ከሥሩ ዘንድ በጣም ወፍራም ነው። እንሰት የሚተከለው ለፍሬው አይደለም። የሚበላው ግንዱና ሥሩ ሲሆን፣ ለዚያ ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይጠበቃል። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖረው በዚህ ተክል ነው።

ከአንድ እንሰት ሦስት ዓይነት ምግብ ይወጣል። ግንዱ ተፍቆ፣ በቅጠሉ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀበርና ሲብላላ ቆጮ ይሆናል። ሲፋቅ ከሚጨመቀው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። ሥሩ ደግሞ እንደ ድንች ተቀቅሎ ሲበላ አሚቾ ይባላል። ይህን ማወቅ ለወላጅ የሚጠቅመው በማዘዣው ሰዓት ነው። ቆጮ የመብላላት ሽታና ኮምጠጥ ያለ ጣዕም ስላለው፣ ያልለመደ ልጅ መጀመሪያ የቀመሰው እሱን ከሆነ ፊቱን ያዞራል፤ ሁለተኛ ጊዜም አይሞክርም። ስለዚህ እኔ የምመክረው ከቡላ መጀመር ነው። የቡላ ገንፎ ለስላሳ ነው፣ ሽታ የለውም፣ ለአራስ የሚሠራውም ለሆድ ስለሚስማማ ነው። ሆሳዕና ላይ ጊዜ ካላችሁ የሀዲያን አታካና ጠይቁ፤ ቡላው በቅቤና በወተት ተሠርቶ የሚቀርብ የክብር ምግብ ነው። ቅቤ ያልለመደ ልጅ ከሆነ ግን ጥቂት ማንኪያ ይበቃዋል።

ቆጮ ብቻውን ጉልበት ሰጪ እንጂ ገንቢ ምግብ አይደለም፤ ፕሮቲኑ በጣም ጥቂት ነው። የአካባቢው ሰው ከአይብ፣ ከጎመንና ከሥጋ ጋር የሚያቀርበው ለዚህ ነው፤ ለልጆቻችሁም እንደዚያው አድርጉ። ክትፎ ደግሞ የጉራጌ ገበታ ጌጥ ነው፤ በጣባ ሆኖ፣ ኮሰረት በገባበት ንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ ታሽቶ ሲመጣ ለትልቅ ሰው ከዚህ የበለጠ መስተንግዶ አላውቅም። ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ግን የበሰለውን እዘዙ። ለብለብ የሚያሞቀው ላይ ላዩን ብቻ ስለሆነ በሥጋው ውስጥ ያለውን የኮሶ ትል እጭ ለመግደል አይበቃም። «ይብሰልልን» ብሎ ማዘዝ አያሳፍርም፤ ቤቱም ለምዶታል። ውጭ አገር ተወልደው ለዕረፍት የመጡ ልጆች ካሉማ ዘመድ «ቅመሽ፣ ቅመስ» ማለቱ ስለማይቀር ከመቀመጣችሁ በፊት ተነጋገሩበት። ሶዶ ላይ ጥሬ ሥጋ ሲቀርብም ነገሩ ያው ነው። እዚያ ለልጆች የሚቀመሰው ዳጣው ነው፦ ቃሪያ ወይም ቀይ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከሌሎች ቅመሞች ጋር ተፈጭቶ የሚሠራ ማባያ ነው። በጣም ያቃጥላል፤ በእንጀራ ጫፍ ነካ አድርገው ይሞክሩት።

ከሶዶ በኋላ መንገዱ ይወርዳል። ሙቀቱ ይጨምራል፣ እንሰቱ እየሳሳ ይሄድና ቦታውን ሙዝ ይወስዳል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት፤ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ስለሆነች ገበታዋ የዓሣ ነው። ዓሣ ጉልጉል ለልጆች ይማርካል፤ ተሰንጥቆ እንደተጠበሰ ይመጣና ሁሉም በእጁ እየቆነጠረ ይበላዋል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እሾኽ ስላለው ለትንንሾቹ እናንተ ፈልፍሉላቸው፣ ወይም አጥንቱ የወጣለትን የናይል ፐርች ሥጋ ጠይቁ። የናይል ፐርች ከጫሞ እየተመናመነ ስለሆነ «የለም» ከተባላችሁ በሌላው ተደሰቱ። ጥሬ ዓሣ ግን ለልጅ አይሰጥም።

ስለ ዓሣ አንድ የምወደው ነገር አለ። በብዙ ቤተሰቦቻችን ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ፤ በጉዞ ላይም ሥጋ ሲታዘዝ የእርድ ነገር ገበታውን ለሁለት ይከፍለዋል። ዓሣ እርድ ስለማይጠይቅ አክስትና የእህት ልጅ ከአንድ ሳህን የሚቆርሱበት ምግብ ነው። በጾም ቀን ግን ተጠያየቁ፤ በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ። ከፋሲካ በኋላ ካለው ሃምሳ ቀን በስተቀር ረቡዕና ዓርብ ብዙ ምግብ ቤት የሚያቀርበው በያይነቱ ስለሆነ፣ የክትፎ ሐሳብ ካላችሁ ቡታጅራ የምትደርሱበትን ቀን አስቀድማችሁ ቁጠሩ። በመስከረም አጋማሽ ደግሞ ጉራጌ ሁሉ ለመስቀል ወደ አገሩ ስለሚገባ መንገዱም ምግብ ቤቱም ይጨናነቃል።

በቆላው ልጆች ሊያውቁት የሚገባ ሌላም ዛፍ አለ፤ ሽፈራው። በጋሞና በኮንሶ በየቤቱ ደጃፍ ይተከላል፣ ቅጠሉም እንደ ጎመን ይበላል። ኮንሶዎች ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት የተድበለበለውን ቁርቁፋ ከዚህ ቅጠል ጋር ይቀቅሉታል። ጣዕሙ ትንሽ መረር ይላል፤ ከዓሣ ጎን ጥቂቱን ማስቀመጥ ለማለማመድ ጥሩ ነው።

አርባ ምንጭ ካደራችሁ በማግስቱ ጠዋት ወደ ዶርዜ ውጡ። ከጠቅላላው ጉዞ እኔ ለልጆች የማበልጠው ይህን ነው። መኪናው ወደ ጨንቻ ተራራ መውጣት ሲጀምር ሙዙ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ብርድ ይመጣል፣ ቀርከሃና እንሰት ይተካል። ትናንት ቀኑን ሙሉ በመንገድ ያዩትን ለውጥ ልጆቹ ወደ ኋላ ተመልሰው በጥቂት አሥርት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ያዩታል። ሹራብ አትርሱ። ዶርዜዎች እንግዳ በሚቀበሉበት ግቢ፣ ዝሆን በሚመስሉት የቀርከሃ ቤቶች አጠገብ፣ አንዲት እናት እንሰቱን በተሰነጠቀ ቀርከሃ ስትፍቅ፣ የተብላላውን አውጥታ ጭረቱ እስኪጠፋ ስትከትፍ፣ በቅጠል ጠፍጥፋ ምጣድ ላይ ስትጋግር ይታያል። ልጆች እንዲሞክሩ ይፈቀድላቸዋል። ቆጮ ያልቀመሰ ልጅ የሚቀምሰው እዚህ ነው፤ ራሱ ሲፍቀው የነበረውን፣ ገና ከምጣድ የወረደውን፣ በማር አጥቅሶ ስለሚበላው ሽታው ትዝ አይለውም። ዳጣውም አብሮ ይቀርባል። ለመስተንግዶው የሚከፈለውን ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ለምትጋግረው እናት ለብቻ መስጠትም ተገቢ ነው።

ማሩን በተመለከተ በጥብቅ የምናገረው አለ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በጭራሽ አይሰጥም፤ በእኛ ቤት ማላሱ የተለመደ ቢሆንም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተህዋሲ በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል።

ለመጠጥ፣ ዶርዜ ላይ አረቄ ይቀዳል፣ ኮንሶ ከወረዳችሁ ጨቃ፣ በሌላው ቦርዴ፣ ጠላና ጠጅ አለ። ከትልልቆቹ የማይነዳው ይቅመስ። ቦርዴና ጨቃ ወፍራምና ቀለል ያሉ ስለሆኑ እንደ ምግብ ይታያሉ፣ ሆኖም አልኮል አለባቸው፤ ለልጅ አይሆኑም። ለልጆች ብርዝ አለላቸው፤ ማሩ የሚበጠበጥበት ውኃ የፈላ ወይም የታሸገ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ጭማቂም ከሆነ ውኃና በረዶ ሳይገባበት ይጨመቅ። ሙዝና ማንጎ በእጃችሁ ልጣችሁ ስጧቸው። ሳሙናና ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጠው ዱቄት) ከመኪናው አይጥፋ። ልጅ ተቅማጥ ይዞት ደም ካለበት ወይም ትኩሳት ካስከተለ ግን ጉዞው ይቆይና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የሚገዛውን ለመመለሻ አቆዩት። ሙዝና ማንጎ ከአርባ ምንጭ በምትነሱበት ጠዋት፣ ዳጣ ሶዶ ላይ በሚገባ በሚከደን ብልቃጥ፣ ቅቤና ቆጮ ደግሞ መጨረሻ ላይ ቡታጅራ። ቅቤ በቆላው ሙቀት ቀልጦ መኪናውን ያበላሻል፤ ቆጮም በእንሰት ቅጠል እንደተጠቀለለ አዲስ አበባ ድረስ በደህና ይደርሳል።