ስለ ፓስፖርትና ስለ ቪዛ መዘግየት

አያቴ ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ደብረ ማርቆስ ላይ ሲያርፉ፥ በውጭ አገር የሚኖሩት አክስቴ ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ለቀብሩ አልደረሱም፤ የደረሱት ለአርባው ነው። በለቅሶው ላይ «ምነው ጨከኑ?» ሲባል ሰማሁ። ስለዚህ አክስቴን ጠይቄ የተረዳሁትን ለጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች ላስረዳ ይህችን አጭር ጽሑፍ አዘጋጀሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ፓስፖርትና ቪዛ አንድ አይደሉም። ፓስፖርት የማን ዜጋ እንደሆንን የገዛ መንግሥታችን የሚመሰክርልን ደብተር ነው። ቪዛ ግን የምንሄድበት አገር መንግሥት የሚሰጠን የመግቢያ ፈቃድ ነው። ፓስፖርት በየአገሩ አንድ ዓይነት የደብተር መልክ እንዲኖረው የተመከረው፥ የዓለም መንግሥታት ማኅበር በ1920 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ በጠራው ጉባኤ ነው።

ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ ለመግባት ቪዛ አያሻውም። የአክስቴ ችግር በመመለሱ ላይ ነበር። የቤተ ሰቡ ፓስፖርት ጊዜው አልፎበታል፤ ፓስፖርቱ ካልታደሰ በዚያ አገር የሚኖሩበት ፈቃድ አይታደስም፤ ፈቃዱ ካልታደሰም ከወጡ በኋላ መመለስ የለም። ሊሴ ፓሴ በሚባለው የይለፍ ወረቀት አገር መግባት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በእርሱ ወደ ሥራቸውና ወደ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት መመለስ አይችሉም።

እድሳቱን ያዘገዩት ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። አክስቴ የተወለዱት ሚያዝያ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በፈረንጆች አፕሪል 28 ቀን 1980 ይሆናል። በአንድ የቆየ ወረቀት ላይ ግን የማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳይገለጽ «1972» ተብሎ ስለ ተጻፈ፥ ሁለቱ ማስረጃዎች በስምንት ዓመት ተለያዩ።

ሁለተኛው ስም ነው። በእኛ ዘንድ የቤተ ሰብ ስም የለም። ለምሳሌ አበበ ከበደ ተሰማ የተባለ ሰው ልጁ አልማዝ አበበ ከበደ ትባላለች፤ ሚስቱም የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች። የውጭ አገር ጸሐፊ የመጨረሻውን ስም የቤተ ሰብ ስም አድርጎ ሲወስደው፥ አባት «ተሰማ»፥ ልጅ «ከበደ» ይሆኑና የአንድ ቤት ሰዎች አይመስሉትም። ስለዚህ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ ተተርጉሞና ተረጋግጦ እንዲቀርብ ይጠየቃል። በዚህ ሁሉ ወራት አለፉ።

እንግዲህ ከአክስቴ የተማርኩት ይህ ነው። በማናቸውም ወረቀት ላይ ዓመቱን ስንጽፍ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብለን እንለይ። ስማችንን በላቲን ፊደል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ እናስጽፍ። ብዙ አገሮች ስድስት ወር ያልቀረውን ፓስፖርት ስለማይቀበሉም እድሳቱን አስቀድመን እንጀምር። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለምን?

ለለቅሶ የቀረ ዘመድ ሲኖርም ለመፍረድ አንቸኩል። አክስቴ አባታቸውን አፈር ሳያለብሱ የቀሩት ጨክነው አይደለም፤ በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ስለ ጎደለ ነው።