ሊኑክስ ተነሥቶ ስክሪኑ ሲጨልም

ከነገሌ ቦረና እስከ ያቤሎና እስከ ሞያሌ ባሉት የደቡብ ቈላ ከተሞች፣ ማመልከቻ በሚጻፍባቸውና ፎቶ ኮፒ በሚነሣባቸው ትንንሽ ቤቶች፣ መብራት ድንገት ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ስምና የይለፍ ቃል ከመጠየቅ ይልቅ ጨለማ ስክሪን ይዞ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ባለቤቱ ማሽኑ እንደ ሞተ ቈጥሮ ያዝናል፣ ጠጋኙም ምክንያቱን ሳይመረምር ፎርማት ይደረግ ብሎ ይፈርዳል። በዚህ ችኩል ፍርድ የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍና የቤተ ሰቡ የሠርግ ፎቶግራፍ በከንቱ ይደመሰሳሉና፣ ማሽኑ በሊኑክስ የሚሠራ ከሆነ መርምሮ ማዳን እንደሚቻል ማስረዳት ተገቢ ሆኖ ይታየናል።

ሊኑክስ፣ የፊንላንድ ተወላጅ የሆነው ሊኑስ ቶርቫልድስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው ከርነል፣ ማለትም የሥርዐቱ እምብርት፣ ነው፤ መስኮቶችንና ምስሎችን የሚያሳየው ክፍል ግን የከርነሉ አካል ሳይሆን ከላዩ የሚቆም ሌላ ሥራ ነው፤ እንዲያውም ኤክስ የተባለው የመስኮቶች ሥርዐት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1984 ስለ ተወጠነ ከከርነሉ 7 ዓመት ይቀድማል፣ እርሱን እየተካ ያለው ዌይላንድም በ2008 የተጀመረ ነው። ማሽኑ ሲበራ ግረብ የተባለው ማስነሻ ከርነሉን ይጠራል፣ ከርነሉ ሲስተምዲን ያስነሣል፣ ሲስተምዲም አገልግሎቶቹን ካሰማራ በኋላ ጂዲኤም ወይም ላይትዲኤም ለሚባለው የመግቢያ ፕሮግራም ያስረክባል፤ ይህም እንደ ግቢ አጋፋሪ የመጣውን ሰው ማንነት ጠይቆ ወደ ዴስክቶፑ ያስገባል። አጋፋሪው ወደቀ ማለት ግቢው ፈረሰ ማለት አይደለም።

ስለዚህ የመርማሪው ቀዳሚ ተግባር ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3 የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት መጫን ነው፤ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ገጽ ወጥቶ ስም ከጠየቀ ከርነሉ በሕይወት አለ። በዚያ ገብቶ ከሁሉ በፊት ዲኤፍ በተባለው ትእዛዝ ዲስኩ መሙላት አለመሙላቱን ይመልከት፤ ዴስክቶፑ በተነሣ ቍጥር በባለቤቱ ማኅደር ውስጥ ጥቃቅን ፋይሎችን መጻፍ ይኖርበታልና፣ ቦታ ሲያጣ የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ ወዲያው ወደ መጠየቂያው ገጽ ይመልሳል። ኢኤክስቲ4 የተባለው የፋይል ሥርዐት እንደ ወትሮው ከቦታው 5 በመቶውን ለሥርዐቱ አለቃ፣ ለሩት፣ ስለሚያስቀር፣ ተራው ተጠቃሚ አንዲት ፊደል መጻፍ ሲሳነው እንኳ አለቃው ገብቶ ሊያጸዳ ይችላል፤ ይህን አስቀድመው ያሰቡ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። እንዲህ ያለው መመላለስ ዲስኩ ሳይሞላም ይደርሳል፤ መስኮት ያለውን ፕሮግራም ሱዶ በተባለው ትእዛዝ በአለቃው ሥልጣን ማስነሣት አንዳንድ ጊዜ ኤክስኦቶሪቲ የተባለውን ስውር ፋይል ወደ ሩት ባለቤትነት ያዞረዋል፣ መድኃኒቱም በቾውን ትእዛዝ ለባለቤቱ መመለስ ነው።

በቈላው አገር ግን ከሁሉ የከፋው ጠላት የመብራት መቈራረጥ ነው። 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. ቢመረቅም ድንገተኛው መጥፋት ገና አልቀረም፤ ዲስኩ በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ሲቋረጥም የተጀመረው ጽሕፈት በእንጥልጥል ይቀራል። ኢኤክስቲ4 ለውጡን አስቀድሞ በጆርናሉ ስለሚመዘግብ ብዙውን ጊዜ በሚቀጥለው መነሣት ራሱን ያቃናል፤ ጥፋቱ ከዚህ ካለፈ ግን የዲስኩ ክፍል ለንባብ ብቻ ይከፈታል፣ ወይም ማሽኑ ከመንገድ ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ ኤፍኤስሲኬ የተባለው የፋይል ሥርዐት መጠገኛ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በሥራ ላይ ባለ ክፍል ላይ ማስኬዱ ጉዳቱን ስለሚያባብስ፣ ማሽኑን ከፍላሽ አስነሥቶ መጠገን ይገባል። ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የወደቀውን አገልግሎት ጆርናልሲቲኤል የተባለው ትእዛዝ ይናገራል፤ አንባቢው ከቀዮቹ መስመሮች የመጀመሪያውን ይያዝ፣ ተከታዮቹ ብዙ ጊዜ ከእርሱ የተወለዱ ናቸውና።

ከርነሉ ሲታደስ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ድራይቨር አብሮት ካልታደሰም ስክሪኑ ይጨልማል፤ ለዚህ ከግረብ ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል መምረጥ፣ ካልሆነም ኖሞድሴት የሚለውን ቃል በማስነሻው መስመር ላይ መጨመር ጊዜያዊ መውጫ ነው።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሥርዐቱን እንደ አዲስ መጫን ግድ ከሆነ፣ አስቀድሞ ኡቡንቱን የመሰለ ሊኑክስ ከፍላሽ አስነሥቶ ሆም የተባለውን ማኅደር ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ ከተገለበጡትም ፋይሎች ጥቂቶቹን ባለቤቱ ባለበት ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።