ፊደሉ ወደ ቁጥር ሲሻገር

የኮምፒውተር አልጀብራ ሶፍትዌር አንድ ሦስተኛን አንድ ሦስተኛ ብሎ ይይዛል፤ የ2ን ካሬ ሥርም ወደ አስርዮሽ ሳይለውጥ ከነምልክቱ ያሰላል። ከዚህ ወገን አንዱ ማክሲማ ነው፤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካው ኤምአይቲ የተጀመረው «ማክስማ» የተባለ ፕሮጀክት ነው። በዚህ መንገድ የሚገኝ መልስ የተቆረጠ አሐዝ የለበትም።

ሁሉም ጥያቄ ግን እንዲህ አይፈታም። ከአምስተኛ ደረጃ ጀምሮ ላሉት እኩልታዎች በአራቱ የሒሳብ ስሌቶችና በሥር ብቻ የሚጻፍ አጠቃላይ ቀመር እንደሌለ ኖርዌያዊው ኒልስ ሄንሪክ አቤል እ.ኤ.አ. በ1824 አረጋግጧል። የአምስት በአምስት ማትሪክስ አይገን እሴቶችን መፈለግ ደግሞ የአምስተኛ ደረጃ እኩልታ መፍታት ነው። እዚህ ላይ በግምታዊ ቁጥር የሚሠራ ረዳት ያስፈልጋል።

ላፓክ እንዲህ ያለ ረዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ፣ በፎርትራን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ የማትሪክስ ላይብረሪ፣ ማለትም የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ፣ ነው። ለዓመታት የተፈተነን ኮድ እንደ አዲስ መጻፍ ከንቱ ድካም ስለሆነ የአልጀብራ ሶፍትዌሮቹ እንዲህ ያለውን ይዋሳሉ። ሜፕልና ማቲማቲካ የተባሉት የአልጀብራ ሶፍትዌሮች በሌላ ቋንቋ ተጽፈው የተዘጋጁ ላይብረሪዎችን ጭነው በቀጥታ ይጠራሉ። ማክሲማ ሌላ መንገድ መረጠ፤ የላፓክ የፎርትራን ኮድ ማክሲማ ወደተጻፈበት ቋንቋ፣ ወደ ሊስፕ፣ በተርጓሚ ፕሮግራም ተቀየረለት።

ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ማትሪክሱ ከሶፍትዌሩ ወደ ላይብረሪው በሚተላለፍበት ርክክብ ላይ ነው። ዋጋ ያልተሰጠው ፊደል በማትሪክሱ ውስጥ ካለ ላይብረሪው አይቀበለውም። ፎርትራን ማትሪክስን በዓምድ፣ ሲ የተባለው ቋንቋ ግን በረድፍ ያስቀምጣል፤ ይህን ያልተገነዘበ ፕሮግራም አዘጋጅ ረድፉና ዓምዱ የተለዋወጠ ማትሪክስ ያስረክባል። ኮምፒውተሩ ስሕተት መኖሩን ላይናገር ስለሚችል ከሁሉ የከፋው ይህ ነው።

ቁጥሩ ራሱም ይለወጣል። በ64 ቢት ሲያዝ 16 ያህል አሐዝ ብቻ ይቀረዋል። ለምሳሌ በሒልበርት ማትሪክስ የመጀመሪያው ረድፍ 1፣ 1/2፣ 1/3 እያለ ይቀጥላል። 12 በ12 የሆነው በክፍልፋይ ሲሰላ ተገላቢጦሹ ሙሉ ቁጥሮች ብቻ ይሆናል። በ64 ቢት ግን ከመልሱ የሚታመን አሐዝ እምብዛም አይገኝም። ጥፋቱ የላይብረሪው አይደለም፤ 1/3 ገና ሲገባ መቆረጡ ይበቃል። ስለዚህ የሚቃለለውን በክፍልፋይ አቃልሎ ርክክቡን ማዘግየት ይሻላል። ያም ካልበቃ ማክሲማ የአሐዞቹን ብዛት ተጠቃሚው የሚወስንበት የራሱ የቁጥር ዓይነት አለው፤ ፍጥነቱ ግን ይቀንሳል።