ጨለማውን ሳሎን ሳያፈርሱ ማብራት

አያቴ ቤት በጠራራ ፀሐይ አምፖል ይበራ ነበር። ግድግዳው እስከ ወገቡ ጣውላ፣ ኮርኒሱ ጣውላ፣ የኩሽናው ካቢኔት ጣውላ፤ ሁሉም ጠቆር ያለ ቡናማ ቫርኒሽ የጠጣ። ዓይናቸው ደክሟልና ባለፈው ክረምት ከኩሽና ወደ ሳሎን በምታስወጣዋ ደረጃ ላይ ተደናቅፈው ወደቁ። አጎቴ "ሁሉንም ነቅሎ መጣል ነው!" አለ።

ለመሆኑ መንቀል ግድ ነው? አይደለም። ጥቁር እንጨት ያረፈበትን ብርሃን በአመዛኙ ይውጠዋል፤ ነጭ ቀለም ደግሞ በአመዛኙ ይመልሰዋል። ስለዚህ ቅድሚያ የኮርኒሱ ነው፤ በመስኮት የገባውን ብርሃን ወደ ታች የሚበትነው እሱ ነውና።

ታዲያ በቫርኒሽ ላይ ዝም ብሎ መቀባት የለም፤ ቀለሙ ይላጣል። መጀመሪያ የኩሽናው ጥላሸትና ቅባት በሳሙና ይታጠባል። ሲደርቅ ቀለም እንዲይዝ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ስንጥቁ በስቱኮ ይደፈናል፣ ከዚያ ፕራይመር ይቀባል። በተለይ እንጨቱ ጽድ ከሆነ ፕራይመሩን መዝለል ጉድ ያመጣል፤ የእንጨቱ ዘይት ነጩን አልፎ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ድሮ የተቀባ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ደግሞ ደረቁን አይታሽም፤ እያረጠቡ ነው፣ ልጆችንም አርቆ። ለኩሽና የሚታጠብ የዘይት ቀለም ይሻላል።

እኛ ኮርኒሱንና ካቢኔቱን ነጭ ቀባን፣ ወፍራሙን መጋረጃ በስስ ለወጥን፣ የደረጃዋንም ጠርዝ በነጭ አሰመርን። የዋንዛውን ቡፌ ግን አልነካነውም። አያቴ "አያትህ በእጃቸው የሠሩት ነው፤ እኔ እያለሁ ቀለም አይነካውም" አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ዙሪያው ሲነጣ ቡፌው ራሱ አማረበት።

አሁን አምፖሉ የሚበራው ሲመሽ ብቻ ነው።