የጓሮ ማረሻ ሞተር የሚያዋጣው መቼ ነው?

የአብዛኛው ገበሬያችን ይዞታ ከአንድ ሄክታር ያነሰ ነው፤ በተቆራረጠ ማሳ ላይ ደግሞ ትልቅ ትራክተር መዞሪያ እንኳ አያገኝም። ስለዚህ ብየዳ ቤት ውስጥ ከውኃ ፓምፕ ሞተርና ከአንግል ብረት ሊገጣጠም የሚችለው፣ በሚሽከረከር ስለት የሚቆፍረው አነስተኛ ማረሻ የአትክልት አልሚዎችን ቀልብ ቢስብ አይገርምም። የሚያሳስበኝ ግን ጥያቄው ሁሉ ከውጭ ከሚመጣው በስንት ብር ይረክሳል በሚለው ላይ መቅረቱ ነው። አዋጭነቱን የሚወስነው ማሽኑ በዓመት ስንት ቀን ይሠራል፣ ሲበላሽስ ስንት ቀን ይቆማል የሚለው ነው።

እናስላው። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት እየቆፈረ በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ማረሻ 600 ካሬ ሜትር ያርሳል። ለመዞሪያ፣ ለነዳጅና ስለቱ ላይ የተጠመጠመውን ሣር ለማላቀቅ የጊዜው ሩብ ቢሄድ 450 ይቀራል። ሩብ ሄክታር የሽንኩርት ማሳ እንግዲህ ከስድስት ሰዓት ባነሰ ያልቃል። በመስኖ በዓመት ሦስት ጊዜ ቢመረትና በየወቅቱ ሁለት ጊዜ ቢታረስ፣ ሥራው በድምሩ የስድስት ቀን ነው። ለስድስት ቀን ሥራ ሞተር ገዝቶ ማስቀመጥ፣ ርካሽም ቢሆን ገንዘብ ማሰር ነው። የሚያዋጣው ለሌሎችም በኪራይ ሲያርስ ነው። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ጎርፍና አውሎ ነፋስ የእርሻ ከብቷን ሲፈጅባት በአነስተኛ የቻይና ማረሻዎች ላይ የነበረውን የማስገቢያ ገደብ አላላች። ማሽኖቹ አገር ያዳረሱት ጥቂቶች ገዝተው ለብዙዎች በክፍያ ስላረሱ ነው።

በኪራይ ሥራ ላይ ደግሞ ዋናው ኪሳራ ብልሽት ነው፤ የእርሻ ወቅት ሲደርስ ደንበኛው ሁሉ በአንድ ሳምንት ይመጣልና። በጋራዥ የተሠራው ማሽን ብልጫ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስለቱ ከአሮጌ ባሌስትራ ከተቆረጠ፣ ኃይሉም በሞተር ሳይክል ካቴና ከተላለፈ፣ ካቴናውም ኩሽኔታውም በቅርብ ከተማ ይገኛል፤ የሠራው ባለሙያም ይጠግነዋል። ስለቱ ግን በዘንጉ ላይ መበየድ የለበትም፤ አፈር በፍጥነት ስለሚበላው በቡሎን ታስሮ ብቻውን መለወጥ አለበት። የስለቱ ቅርጽም ወሳኝ ነው፤ አውስትራሊያዊው አርተር ክሊፎርድ ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1912 ይህን ዓይነት ማረሻ በአባቱ እርሻ ላይ ሲሞክር አፈሩ ወደ ጎን እየተበተነ ቢያስቸግረው ስለቱን በኤል ቅርጽ አጥፎ ነው መፍትሔ ያገኘለት።

በሬ ፍግም ሥጋም ይሰጣል፣ ይህ ነዳጅ ብቻ ይበላል የሚል ሙግት ይነሳል። እውነት ነው፤ ለጤፍ መሬትና ለተዳፋት ማሳ በሬውን ይተካል አልልም። በሽክርክሪት የደቀቀ አፈር ተዳፋት ላይ በጎርፍ ይታጠባል፤ በእርጥብ መረሬ ላይ ደግሞ ማረሻው ጭቃ ተጣብቆበት ይቆማል። ቦታው ሜዳማ የአትክልት ማሳ ነው። ከዚህ የሚከብደው የደኅንነት ሙግት ነው፤ ስለቱ የሚሽከረከረው ከአራሹ እግር ፊት ነው። እጅ ሲለቀው ኃይሉን የሚያቋርጥ መያዣና በላሜራ የተሸፈነ ስለት የሌለው ማሽን በምንም ዋጋ መሸጥ የለበትም።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ ፈቅዷል፤ ጥሩ አድርጓል። ብየዳ ቤቱ ከመርካቶ በችርቻሮ የሚገዛው ኩሽኔታ ግን ቀረጡን በዋጋው ውስጥ ይዞ ነው የሚደርሰው። ገንዘብ ሚኒስቴር ለእነዚህ ባለሙያዎች በዕቃዎቻቸው ላይ እኩል ዕድል ይስጣቸው። ገዢውም ከመክፈሉ በፊት ማሽኑን አስነስቶ መያዣውን ይልቀቅ፤ ስለቱ ካልቆመ አይግዛው።