ከማሳ የወጣ፣ ወደ ማሳ ያልተመለሰ

ጤፉ ታጭዶ፣ ተከምሮና ተወቅቶ ካለቀ በኋላ ማሳው ላይ ምን ይቀራል? እህሉ ጎተራ ይገባል። ጭዱ ለከብት ቀለብና ለግድግዳ ምርጊት ይከመራል፤ ከተማ በቀረበበት አካባቢም ይሸጣል። የተረፈውን ቃርሚያ መሬቱ ላይ የተለቀቀው ከብት እስከ ሥሩ ይግጠዋል። ከብቱ የሚጥለው እበት ደግሞ በሴቶችና በልጆች እጅ ተለቅሞ፣ ከጭድ ጋር ተለውሶ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ኩበት ይሆናል፤ ኩበቱም ከምጣድ ሥር ይነዳል። በሬው ዳግም እስኪጠመድ ድረስ ማሳው ያገኘው ነገር ቢኖር የበጋ ፀሐይ ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ ይህ ለብዙ ትውልድ ሲደጋገም ኖሯል። ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ አሲዳማ አፈርና ስለ ምርት ማሽቆልቆል ዛሬ የምንነጋገረው አብዛኛው ነገር መነሻው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አፈር ሕይወት አለው። በአንድ እፍኝ ጤናማ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን፣ ፈንገሶችና ደቃቅ ትሎች ይኖራሉ፤ ቀለባቸው የሞተ ሥር፣ የረገፈ ቅጠል፣ እበትና ገለባ ነው። እነርሱ በልተው የሚተዉት ጥቁር ብስባሽ የአፈሩን ቅንጣቶች ያያይዛል፣ ውኃ ይይዛል፣ ለሰብሉ የሚያስፈልገውንም ንጥረ ነገር ያቆያል። ቀለቡ ሲቋረጥ አፈሩ ይላላል። የሐምሌ ዶፍ ሲወርድበት ላዩ ይደፈናል፤ ውኃውም ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ ቁልቁል ይሄዳል። ይህን ለገበሬው የሚነግረው ሰው አያስፈልግም፤ ከቤቱ ደጅ ያየዋል። አመድ፣ አዛባና የቤት ጥራጊ የሚደፋበት የጓሮ መሬት በቆሎው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሲያድግ፣ ሩቅ ያለው ማሳ ግን ዘሩን እንኳ በቅጡ አይመልስም። የመሬቱ ባለቤት አንድ ነው፤ ዝናቡም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚመለስለት ነገር መኖሩና አለመኖሩ ነው።

የሚታጠበውን አፈር መጠን ለመለካት ከተደረጉት ጥረቶች ትልቁ እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ነው። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ የመሩት ይህ ሥራ በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒና በሌሎችም ቦታዎች ጣቢያ ተክሎ ዝናቡንና የሚወርደውን ደለል ለዓመታት መዝግቧል። ሁርኒ ከዚያ ተነስተው በሰጡት ግምት ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ከሄክታር ይታጠባል። ይህ ሲሰላ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን ስስ ሽፋን ነው፤ በአንድ ክረምት ማንም አያስተውለውም። ግን አንድ ገበሬ ከአባቱ መሬት ተረክቦ ለልጁ እስኪያወርስ ባሉት 30 ዓመታት ውስጥ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በበሬ የሚጎተት ማረሻ የሚገባው ጥልቀት ራሱ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

መንግሥታት ይህን አላዩም ማለት አይቻልም። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ፣ በተለይ በደርግ ዘመን፣ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም እጅግ ብዙ እርከን ተሠርቷል፣ ችግኝ ተተክሏል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ከእርከኑም ከደኑም ብዙው ፈረሰ፤ ገበሬው የእኔ ብሎ አልያዘውም ነበርና። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ በበጋው ወራት ሕዝቡ ወጥቶ በተፋሰስ ልማት ይሳተፋል። በነፃ ጉልበቱ ድንጋይ የሚሸከመውን፣ ቦይ የሚቆፍረውን ሕዝብ ድካም ማንኳሰስ ነውር ነው። ቢሆንም እርከን አፈሩን ባለበት ያቆመዋል እንጂ አይመግበውም። ጭዱ ተወስዶ፣ እበቱ ነዶ፣ በልቅ ግጦሽ የተሰማራ ከብት ክትሩን እየረገጠ የሚያፈርሰው እርከን ውስጥ ያለው አፈር ያው የተራበ አፈር ነው።

የመንግሥት ዋናው መልስ ታዲያ ማዳበሪያ ሆነ። በአርሲ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ማዳበሪያ በገበሬው ዘንድ እየታወቀ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ በሳሳካዋ ግሎባል 2000 ሠርቶ ማሳያዎችና በመንግሥት የኤክስቴንሽን ፕሮግራም አማካይነት በየቀበሌው ገባ። ለረጅም ዘመን ምክሩ አንድ ዓይነት ነበር፤ ቆላም ሆነ ደጋ፣ ዋልካም ሆነ ቀይ አፈር፣ ዳፕና ዩሪያ። እ.ኤ.አ. በ2012 በተጀመረው የአገር አቀፍ የአፈር መረጃ ሥርዓት ከየወረዳው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ሰልፈር፣ ቦሮን፣ ዚንክም የጎደለው መሬት ብዙ እንደሆነ ታወቀ፤ ዳፕም በኤንፒኤስና በሌሎች ቅይጦች ተተካ። ትክክለኛ እርምጃ ነበር፤ የሚያሳዝነው በጣም መዘግየቱ ነው።

ማዳበሪያን ለማውገዝ አልተነሳሁም። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያ ማስገባትን በአንድ ጊዜ ከልክላ በዚያው ዓመት መጨረሻ ክልከላውን ለማንሳት ተገድዳለች፤ የሩዝ ምርቷ አሽቆልቁሎ፣ የሻይ ገበሬዎቿም ተጎድተው ነበር። የተራበ አፈር ላይ በድንገት እጅ ማንሳት ሕዝብን ማስራብ ነው። ነገር ግን ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በሚገባ ጆንያ ላይ ብቻ የቆመ ግብርና ምን ያህል ተጋላጭ እንደሆነ በ2014 ዓ.ም. በዩክሬን ጦርነት ሳቢያ ዋጋው ሲንር አይተነዋል። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከዳንጎቴ ጋር ስምምነት የተፈረመለት የጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ሲጠናቀቅ የውጭ ምንዛሪውን ችግር ያቃልል ይሆናል። ዩሪያ ግን ናይትሮጅን ነው፤ ብስባሽ አይሆንም። ከዚህም በላይ ዩሪያም ሆነ ሌሎቹ አሞኒየም ያላቸው ማዳበሪያዎች ብቻቸውን ለዓመታት ሲደጋገሙ አፈሩን ወደ አሲድነት ይገፉታል።

አሲዳማነቱ ደግሞ የነገ ስጋት አይደለም። ከአገሪቱ የታረሰ መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል፤ ወለጋ፣ አዊና ሌላው የጎጃም ደጋ፣ ጉራጌ፣ የጋሞው ጨንቻ በብዛት የተጎዱ ናቸው። ብዙ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ሲወስደው፣ ጭድና እህሉም ከማሳው የተረፈውን ይዘው ሲወጡ፣ በአፈሩ ውስጥ የነበረው አሉሚኒየም ሟሙቶ የሥሩን ጫፍ ይመርዛል፤ ፎስፈረሱም ይታሰራል። በእንዲህ ዓይነት መሬት ላይ ገበሬው በብድር ያመጣውን ማዳበሪያ ይበትናል፣ ገብሱ ግን ቢጫ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ ኖራ ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ይሠራል። ግን ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው በኪሎ ሳይሆን በቶን ነው። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ያን ያህል ኖራ በአህያ አመላልሶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ እንደገና መጀመር ለአንድ ገበሬ ከባድ ሸክም ነው።

እዚያው አሲዳማው አዊ ውስጥ ግን ገበሬው ማንም ያላዘዘውን መፍትሔ አግኝቷል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ አዲስ ቅዳምና እንጅባራ አካባቢ ያለፈ ሰው ኮረብታውን የሸፈነውን ዲከረንስ ሳያይ አያልፍም። ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው የሚደነቅ ነው። ገበሬው በክረምት ጤፍ በሚዘራበት ማሳ ላይ ችግኙን አብሮ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያነሳል። በሚቀጥለው ዓመት በዛፎቹ መካከል የበቀለውን ሣር አጭዶ ለከብቱ ያበላል ወይም ይሸጣል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ይቆረጣል፣ እዚያው ማሳው ላይ በአፈር ተዳፍኖ ይከሰላል፣ ከሰሉም ወደ ከተማ ይጫናል። ከዚያ መሬቱ ተመልሶ ጤፍ ይሆናል። በነዚያ ዓመታት መሬቱ አልታረሰም፤ ቅጠል ረግፎበታል፤ ሥሩ ናይትሮጅን አስሮበታል። ከሰል የተከሰለበት ቦታ ላይ የቀረው አመድና ድቃቂ ደግሞ አሲዱን ያበርደዋል። ድሮ መሬት ሲበዛ ገበሬ ማሳውን ያሳርፍ ነበር፤ አሁን መሬት ሲጠብ ያንኑ ዕረፍት ገቢ በሚያስገኝ መንገድ መልሶ አምጥቶታል። ለእኔ ይህ በዘመናችን ከታዩት የገበሬ ፈጠራዎች ሁሉ ከፍ ያለው ነው።

እንከን የለውም አልልም። በአንድ የዛፍ ዘር ላይ መንጠልጠል አደጋ እንዳለው ባለፉት ዓመታት የዝገት በሽታ ዲከረንሱን ሲያደርቀው ገበሬው በራሱ ኪሳራ አይቶታል። ስለዚህም ነው በዚያው አገር የቆየውን ግብጦን ማስታወስ የሚያስፈልገው። ግብጦ በደከመ፣ ሌላ ሰብል በማይቀበል መሬት ላይ ያለ ብዙ እርሻ፣ ሳይታረም፣ ያለ ማዳበሪያ ይበቅላል። ናይትሮጅን ያስራል፤ ሥሩ የታሰረውን ፎስፈረስ ያስለቅቃል። ምሬቱን ለማስለቀቅ ተቆልቶ ቀናት በውኃ መዘፍዘፍ ስላለበት የድሃ ምግብ ተብሎ ተንቋል፤ በምርምርም ስንዴ ካገኘው ትኩረት ሩቡን እንኳ ያገኘ አይመስለኝም። መራራነቱ የቀነሰ ዝርያ ለጎጃም ገበሬ ማድረስ ከብዙ ጆንያ ማዳበሪያ የሚበልጥ ውለታ በሆነ ነበር።

ብስባሽን ወደ ማሳ መመለስ ይቻላል የሚለውን በመረጃ ያስደገፉት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ናቸው። ተወልደብርሃን በዓለም መድረክ የሚታወቁት በሕይወታዊ ደኅንነት ድርድር የአፍሪካን ቡድን በመምራታቸውና እ.ኤ.አ. በ2000 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በማግኘታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር የጀመሩት ሥራ ግን ከሽልማቱ ይልቅ ለገበሬው የቀረበ ነው። ገበሬዎች አረሙን፣ ቅጠሉን፣ አዛባውን በጉድጓድ አብላልተው ኮምፖስት አዘጋጁ፤ ጎርፉን በክትር ያዙ፤ ከብት የት መቼ እንደሚሰማራ ራሳቸው ሕግ አወጡ። በየማሳው ምርቱ ሲመዘን ኮምፖስት ያገኘው ምንም ካላገኘው በአብዛኛው ሰብል እጥፍ ገደማ ሰጠ፤ በብዙዎቹም ኬሚካል ማዳበሪያ ካገኘው አላነሰም። ውቅሮ አጠገብ ያለችው አብርሃ ወአጽብሃ፣ በድርቅ ምክንያት ነዋሪዎቿን ወደ ሌላ ቦታ ማስፈር ታስቦ የነበረችው ቀበሌ፣ ተራራዋን ከግጦሽ ከልላና የጉድጓድ ውኃዋን መልሳ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማትን አገኘች።

የጉዳዩን ሙሉ ዑደት ማየት የሚፈልግ ግን ወደ ኮንሶ ይውረድ። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ መልክዓ ምድር ከ400 ዓመት በላይ የተገነባ ነው፤ አንዳንዱ የድንጋይ ካብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ሰው የሚያደንቀው ካቡን ነው። እኔ የማደንቀው ከካቡ ኋላ ያለውን ልማድ ነው። ከብቱ ግቢ ውስጥ ታስሮ መኖው እየታጨደ ይመጣለታል፤ ፍጉ ደግሞ ተሸክመውት ወደ ማሳ ይመለሳል። በእርከኑ ላይ ማሽላው፣ የርግብ አተሩና ሽፈራው አንድ ላይ ቆመዋል፤ አንዱ ሲያጣ ሌላው ይሰጣል። ድርቅ ኮንሶንም ይጎዳል፣ በቅርቡም ክፉኛ ጎድቶታል። ነገር ግን ያ ቀጭን አፈርና ያ ቁልቁለት ሕዝብ ይዞ ለዘመናት የዘለቀው ከማሳ የወጣው ወደ ማሳ ስለተመለሰ ነው።

ታዲያ የደጋው ገበሬ ለምን እንደ ኮንሶ አያደርግም? ስንፍና አይደለም፤ አለማወቅም አይደለም። እበቱን የሚያነደው እንጨት ስለሌለው ነው። እንጀራ መጋገር አለበት። ስለ ኮምፖስት አሥር ጊዜ ብታስተምራት፣ ቤቷ ማገዶ የሌላት ሴት ኩበቷን ጉድጓድ ውስጥ አትቀብርም፤ ልጆቿ መብላት አለባቸው። ስለዚህ የአፈሩ ዕጣ የሚወሰነው ከእርሻ ቢሮ ይልቅ ማጀት ውስጥ ነው። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ወጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራምም እሳቱንም ፍጉንም አንድ ላይ የሚያስገኝ መልካም ሐሳብ ነበር፤ ግን በርካታ ከብትና በቂ ውኃ ላለው ቤት እንጂ ለድሃው አልደረሰም።

ለማጀቱ ሌላ የኃይል ምንጭ ግን አለ፤ ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከጎጃምና ከወሎ፣ ከወለጋና ከሸዋ ደጋ ወደ ዓባይ የሚታጠበው አፈር ማረፊያው አሁን የዚሁ ግድብ ሐይቅ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ መስመሩ ተዘርግቶ የእነዚያው ደጋዎች ምጣድ ላይ ቢደርስ፣ ኩበቱ ወደ ማሳ ይመለሳል፤ ግድቡም ከደለል ይተርፋል። የገጠር ኤሌክትሪክ በጀት ሲያዝ የግብርና ሚኒስቴር አብሮ ተቀምጦ ምጣዱን ይጠይቅ። በየዓመቱ ስንት ሚሊዮን ኩንታል ማዳበሪያ እንደተሠራጨ የሚነግረን ሪፖርትም ከዚህ በኋላ ሁለት ቁጥር ይጨምርልን፤ በየወረዳው አፈር ውስጥ ያለው ብስባሽ ከአምናው ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ ስንት ቤትስ እበት ማንደድ አቆመ።