ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆችና የክፍል ባልንጀርነት

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ስታጸድቅ፣ እነዚህ ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር እንዲማሩ ለማድረግ ግዴታ ገብታለች። ነገር ግን ሕግ በአንድ ክፍል ያስቀምጣል እንጂ ባልንጀራ አይሰጥም። በዕረፍት ሰዓት ብቻውን የሚቆም ልጅ፣ ውሎ አድሮ ከትምህርት ቤቱም ሊቀር ይችላል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ሰዎችን የሚያቀራርበው በአንድ ስፍራ መገኘታቸው ብቻ ሳይሆን፣ እኩል ሆነው ለአንድ ዓላማ መሥራታቸው ነው።

ይህን አሳብ በአምቦና በወሊሶ መካከል ወዳለው ወንጪ እናምጣው። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ስለ ሆነ፣ ዓይነ ስውር ተማሪ መሪ ጓደኛ ያሻዋል። ሆኖም ሁልጊዜ ተመሪ ብቻ ከሆነ፣ ርኅራኄ እንጂ ወዳጅነት አያገኝም። በገበጣ ጨዋታ ግን ጉድጓዱ በእጅ ይዳሰሳል፤ ጠጠሩም በጣት ይቈጠራል። በኦሮምኛ ሂቦ የሚባለው እንቆቅልሽም ጆሮና ብልኃት እንጂ ዓይን አይጠይቅም። በእነዚህ እርሱም ሊያሸንፍ፣ ለሌላውም ሊያስተምር ይችላል።

ስለዚህ መምህራን ረዳት ጓደኛ ከመመደብ አልፈው፣ ልጁ ራሱ ተፈላጊ የሚሆንበትን ሥራና ጨዋታ እንዲያዘጋጁ እናሳስባለን።